ዜማን እንደ ፊደል፤ የራያ ቆላ ልጆች የሚዘፍኑትን እንዲጽፉ

በነሐሴ አጋማሽ የፍልሰታ ጾም ሲፈታ በቆቦና በዙሪያዋ ባሉት መንደሮች ልጃገረዶች ሶለል ይጫወታሉ። ዋግ ሻደይ፣ ላስታ አሸንድዬ እንደሚለው ሁሉ ራያ ቆቦ ሶለል ይለዋል። ከበሮው ይመታል፤ አንዷ ታወጣለች፤ ሌሎቹ ይቀበላሉ። እኛም ለክረምቱ ዕረፍት አገራችን የገባን ተማሪዎች በየደጁ ቆመን እንሰማለን፤ አንዳንዶቻችንም በእጅ ስልካችን እንቀርፃለን። መስከረም ጠብቶ ወደ ዩኒቨርሲቲ ስንመለስ ቅጂው አብሮን ይመለሳል። ያወጣችው ልጅ ግን ያንን ዜማ በወረቀት ላይ አስፍሪው ብትባል አትችልም። ስሟን ትጽፋለች፤ የዘፈኑንም ቃል ትጽፋለች፤ ዜማውን የሚጽፍ ፊደል ግን ማንም አላስተማራትም።

ውድ ጓደኞቻችን፣ ይህን ጽሑፍ ለማዘጋጀት ያነሣሣን ይኸው ጉድለት ነው። ለሕፃናት የሙዚቃን ንባብና ጽሕፈት ማስተማር ሲባል ለብዙዎቻችን ቶሎ የሚታየን ፒያኖ፣ አምስት መስመር የተሰመረበት የውጭ አገር ደብተርና በትልቅ ከተማ ያለ የግል ትምህርት ቤት ነው። ከዚህም የተነሣ ነገሩ ለሮቢት፣ ለጎብዬና ለዞብል ልጅ የማይደርስ የቅንጦት ዕቃ ይመስለናል። እኛ ግን እንዲህ አይደለም እንላለን። ፊደል የቆጠረና ጆሮው በአገሩ ቅኝት ያደገ ልጅ የዜማን ጽሕፈት ለመጀመር የሚያስፈልገው ሰሌዳ፣ ጠመኔ፣ አንድ ከበሮና ታጋሽ አስተማሪ ብቻ ነው። ይህንንም ለማስረዳት በመጀመሪያ አገራችን ስለ ዜማ ጽሕፈት ያላትን ታሪክ፣ ቀጥሎም የማስተማሩን ቅደም ተከተል እንገልጻለን።

ከእኛ በፊት የነበረው ጽሕፈት

ዜማን በምልክት መጻፍ ለእኛ ከባሕር ማዶ የመጣ አዲስ ነገር አይደለም። ቅዱስ ያሬድ በ6ኛው መቶ ዓመት በአክሱም የጀመረው ዜማ ለብዙ ዘመን ከመምህር አፍ ወደ ተማሪ ጆሮ በቃል ብቻ ሲተላለፍ እንደ ኖረ ሊቃውንቱ ይናገራሉ። ከኢማም አሕመድ ጦርነት በኋላ ግን ብዙ መምህራን ሞተው፣ ብዙ መጻሕፍትም ተቃጥለው ነበር። በዚያን ጊዜ፣ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመነ መንግሥት (ከ1533 እስከ 1551 ዓ.ም.)፣ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የተባሉ ሁለት ሊቃውንት የዜማውን ምልክት እንደ ሠሩ የቤተ ክርስቲያን ትውፊት ይመሰክራል። እነዚህ ሊቃውንት የተድባበ ማርያም ሰዎች ናቸው ይባላል፤ ተድባበ ማርያምም በወሎ፣ በአምሐራ ሳይንት የምትገኝ ደብር ናት። እንግዲህ የምልክቱ አገር ከእኛ ሩቅ አይደለም ማለት ነው።

ከዚህ ታሪክ የምናስተውለው አንድ ቁም ነገር አለ። ምልክቱ የተሠራው ለጌጥ አልነበረም። የቃል ትምህርት ተሸካሚው ሲሞት አብሮት እንደሚሞት ሰዎቹ በዐይናቸው ስላዩ ነው። የእኛም አካባቢ ይህን ትምህርት በሌላ መልክ ቀምሷል። በ2013፣ በ2014 እና በ2015 ዓ.ም. ጦርነት በቆቦና በራያ ቆላ ላይ ደጋግሞ አልፏል፤ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፤ ሰው ሞቷል፤ ተፈናቅሏልም። ከሞቱት ጋር ስንት ዘፈን እንደ ሄደ የቆጠረ የለም፤ የተጻፈ ነገር ስላልነበረ ሊቈጠርም አይችልም።

የዜማው ምልክቶች ይዘት፣ ደረት፣ ሂደት፣ ጭረት፣ ቅናት፣ ድፋት፣ ቁርጥና ርክርክ ይባላሉ፤ ድርስና አንብር ሲጨመሩ 10 ይሆናሉ። ነጥብ፣ ጭረት፣ ቅስትና የፊደል ቅርጽ ያላቸው ሆነው ከቃሉ ራስና ግርጌ በቀጭን ብርዕ ይጻፋሉ። ድምፁ ወደ ታች እንዲወርድ፣ እንዲጐተት፣ እንዲቈረጥ ወይም እንዲንቀጠቀጥ ያመለክታሉ። ከእነዚህም ጋር ሥረይ የሚባሉ በመቶ የሚቈጠሩ የፊደል ምልክቶች አሉ። ሥረዩ ተማሪው በቃሉ ከያዘው ከአንድ የታወቀ ቃል የተቈረጡ ፊደላት ናቸው፤ ተማሪው ያን ባየ ጊዜ የዚያ ቃል ዜማ ይታወሰዋል፤ በፊቱ ያለውንም አዲስ ቃል በዚያው ዜማ ያዜማል። በመግቢያውም ዜማው ግዕዝ፣ ዕዝል ወይም አራራይ መሆኑ ይነገራል።

እንግዲህ ይህ ጽሕፈት አስቀድሞ ለሰማ ሰው ማስታወሻ ነው፤ ያልሰማ ሰው ምልክቱን ብቻ አይቶ ዜማውን አያገኘውም። በመሆኑም በዜማ ቤት የመጀመሪያው ትምህርት መስማትና መከተል ነው። የኔታ ያዜማሉ፤ ልጁ ይቀበላል፤ ይሳሳታል፤ ይታረማል፤ ቃሉ ከገባው በኋላ ምልክቱን ይመለከታል። ጾመ ድጓውንና ድጓውን የሚማረውም ተማሪ መጽሐፉን በገዛ እጁ እየጻፈ የሚማርበት ልማድ ነበረ። መስማት፣ ማዜም፣ ማየት፣ መጻፍ፤ ይህ ቅደም ተከተል ከዚህ በታች ለምናቀርበው ሁሉ መሠረት ነው።

ሁለተኛው ጽሕፈት የአውሮፓው ነው። ይህም ወደ አገራችን የገባው በይበልጥ በማርሽ ባንድ በኩል ነው። በ1924 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ በኢየሩሳሌም ያገኟቸውን 40 የአርመን ወላጅ አልባ ወጣቶች ወደ አዲስ አበባ አስመጡ፤ እነሱም «አርባ ልጆች» ተብለው በመምህራቸው በኬቮርክ ናልባንዲያን መሪነት በናስ መሣሪያ ሙዚቃ አሰሙ። እስከ ንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ፍጻሜ የተዘመረውን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ የደረሱት እኚሁ መምህር ናቸው። ከዚያም ጽሕፈቱ በክብር ዘበኛ፣ በጦር ሠራዊትና በፖሊስ ባንዶች፣ ኋላም በያሬድ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ተስፋፋ።

ሁለቱም ጽሕፈቶች የአገራችን ሀብት ናቸው። ይሁን እንጂ አንደኛው በዜማ ቤት፣ ሁለተኛው በጦር ሰፈርና በአዲስ አበባ ቀሩ። ወደ ዜማ ቤት የምትገባ ልጃገረድ አልነበረችም፤ የእስላሙም ልጅ አይገባም። እርሱ የሚያውቀው መንዙማ ቃሉ በዐረብኛ ፊደል በዐጀም ሊጻፍ ይችላል፤ ዜማው ግን የሚኖረው በድምፅ ብቻ ነው። በሶለል የምታወጣው ልጅና በማሽላ ማማ ላይ ሆኖ ወፍ እየጠበቀ የሚያንጐራጉረው ልጅ አንዱንም ጽሕፈት አላገኙም። ሁለቱም ጐን ለጐን የሚቀመጡበት ቤት አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም የመንግሥቱ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው። ስለዚህ ትምህርቱ መጀመር ያለበት እዚያ ነው።

በምን ዘፈን ይጀመር?

የተለመደው ስሕተት አስተማሪው በመጀመሪያው ቀን አምስት መስመር ሰሌዳ ላይ አስምሮ፣ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ፣ ሲ ብሎ ልጆቹን በቃል ማስጠናቱ ነው። ልጁ ስሞቹን ይይዛል፤ ድምፁን ግን አያውቀውም። ይህ ፊደልን ቅርጹን ሳያሳዩ በስም ብቻ እንደ ማስቈጠር ነው። ለመሆኑ እነዚህ ስሞች ራሳቸው የመጡት ከሕፃናት ትምህርት ነው። በ11ኛው መቶ ዓመት በኢጣልያ የነበረ ጊዶ የተባለ የአሬዞ መነኩሴ ዘማሪ ልጆች አዲስ ዜማ ለመማር ብዙ ጊዜ እንደሚፈጅባቸው አይቶ፣ ከአንድ የታወቀ የላቲን መዝሙር የየስንኙን የመጀመሪያ ቀለም ወስዶ ለድምፆቹ ስም አደረገው። ልጆቹ መዝሙሩን አስቀድመው ያውቁት ስለ ነበር ስሙ ድምፁን ያስታውሳቸው ነበር። የእኛ ሥረይና የጊዶ ዘዴ በዚህ ይመሳሰላሉ፤ ሁለቱም ከሚታወቀው ተነሥተው ወደማይታወቀው ይሄዳሉ።

በሀንጋሪ የነበረው የሙዚቃ ሊቅ ዞልታን ኮዳይ (1882–1967) ደግሞ ሕፃን ቋንቋን ከእናቱ እንደሚማር ሁሉ ሙዚቃንም በአገሩ ዘፈን መጀመር አለበት ብሎ አስተማረ። ከአሮጌዎቹ የሀንጋሪ ባላገር ዘፈኖች ብዙዎቹ በአምስት ድምፅ የሚሄዱ ስለ ሆኑ የልጆቹን ትምህርት በአምስት ድምፅ ጀመረው። እኛም እንዲሁ አምስት ድምፅ ያላቸው አራት ቅኝቶች አሉን፤ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ። ከነዚህም ሁለቱ፣ ባቲና አምባሰል፣ የወሎ ቦታዎች ስም ናቸው። የራያ ልጅ እነዚህን ቅኝቶች ስማቸውን ባያውቅ እንኳ ድምፃቸውን በጀርባ ታዝሎ ሳለ ሰምቷቸዋል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ዘፈን ልጆቹ ራሳቸው የሚያውቁት አጭር ዘፈን ይሁን። የጨዋታ፣ የአዝመራ፣ የሠርግ ዘፈን ይሆናል። የቤተ ክርስቲያን ዜማና መንዙማ ግን የየራሳቸው ቦታና ክብር ስላላቸው በክፍል ውስጥ መለማመጃ ባይሆኑ ይሻላል፤ ሁሉም ልጅ ያለ ሥጋት አብሮ የሚዘፍነው ሞልቷል።

ቁጥር በፊደል ራስ ላይ

ለመጀመሪያው ጽሕፈት እኛ የምንመርጠው የቁጥር ጽሕፈት ነው። ይህን ሐሳብ ጸሐፊው ዣን ዣክ ሩሶ በ1742 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ለፓሪስ የሳይንስ አካዳሚ አቅርቦት ነበር፤ ዛሬም በቻይና በሚልዮን የሚቈጠር ሕዝብ ይጠቀምበታል። ዶ 1፣ ሬ 2፣ ሚ 3፣ ፋ 4፣ ሶል 5፣ ላ 6፣ ሲ 7 ይባላል። ቁጥር ለመጻፍ ልዩ ወረቀት አያሻም፤ የሦስተኛ ክፍል ልጅም ቁጥርን ያውቃል።

ሙሉው ትዝታ በዚህ ጽሕፈት 1 2 3 5 6 ነው፤ 4ና 7 ባዶ ቦታ ናቸው። አስተማሪው አምስቱን ባንድ ቀን አያስተምር። ኮዳይ እንዳደረገው በመጀመሪያ 5ንና 3ን ብቻ ያስይዝ፤ ልጆች ጓደኛቸውን ከሩቅ ሲጣሩ ድምፃቸው ብዙ ጊዜ በነዚህ ሁለት ድምፆች ይመላለሳል። ከሳምንት በኋላ 6ን፣ ከዚያም 2ንና 1ን ይጨምር። ድምፁ ከፍና ዝቅ ሲል በእጅ ማሳየት ይጠቅማል፤ እንግሊዛዊው ጆን ከርወን (1816–1880) ለየድምፁ አንድ የእጅ ምልክት ሰጥቶት ነበር። የእኛ አስተማሪ ምልክቱን ሁሉ ባያውቅ እንኳ መዳፉን ለ1 በወገቡ፣ ለ3 በደረቱ፣ ለ5 በአገጩ፣ ለ6 በግንባሩ ትክክል ይያዝ፤ ልጆቹ ይከተሉታል።

አሁን የፊደላችንን ጥቅም እንመልከት። የእኛ ፊደል እንደ ላቲኑ ተነባቢውንና አናባቢውን ለየብቻ አይጽፍም፤ አንዱ ፊደል አብዛኛውን ጊዜ አንድ ሙሉ ቀለም ይዟል። ዘፈንም የሚሄደው ቀለም በቀለም ነው። ስለዚህ በእያንዳንዱ ፊደል ራስ ላይ አንድ ቁጥር ብንጽፍ ቃሉና ዜማው ተጋጠሙ ማለት ነው። ከበሮ ሦስት ፊደል፣ ሦስት ቀለም ነው፤ ሦስት ቁጥር ይቀበላል። ቆቦ ሁለት ነው። ልብ ማድረግ የሚያስፈልገው ሳድሱን ነው። ሶለል በሚለው ቃል የመጨረሻው ል ድምፁን ይዘጋል እንጂ ለብቻው አይዜምም፤ ስለዚህ ቃሉ ሁለት ቁጥር ብቻ ያሻዋል። ማሽላም ማሽ፣ ላ ተብሎ ሁለት ነው። ዞብል ግን ዞ፣ ብል ተብሎ ሲነገር ብ ሳድስ ሆና ሳለ ትሰማለች። ልጆቹ የትኛው ሳድስ እንደሚሰማና የትኛው እንደሚዘጋ በጭብጨባ ይለዩ፤ በዚህም የዜማውን ብቻ ሳይሆን የአማርኛውንም ትምህርት ያጠናክራሉ።

ከዝቅተኛው 1 በታች ለሚወርድ ድምፅ ከቁጥሩ ግርጌ፣ ከ7 በላይ ለሚወጣ ደግሞ ከቁጥሩ ራስ ላይ ነጥብ ይደረጋል። ጸጥታ በ0 ይጻፋል።

ምቱን በሣጥን

ዜማ ከፍታና ዝቅታ ብቻ አይደለም፤ ጊዜም አለው። ምትን ለማስተማር ከበሮውን የሚያህል መሣሪያ የለም። ሰፊው አፍ ወፍራም፣ ጠባቡ አፍ ቀጭን ድምፅ ይሰጣል። የጭፈራችን ምት ብዙውን ጊዜ በስድስት ትንንሽ ምት የሚከፈል ስለ ሆነ፣ አስተማሪው ሰሌዳው ላይ ስድስት ሣጥን ይሣል። ሰፊው አፍ በተመታበት ሣጥን ውስጥ ድ፣ ጠባቡ በተመታበት ታ፣ ምት በሌለበት ሰረዝ ይጻፍ። ለምሳሌ፦

ድ – ታ ድ ታ –

አንዱ ልጅ ይምታ፤ ሌላው በሣጥኖቹ ውስጥ ይጻፍ። ቀጥሎም አንዱ ይጻፍ፤ ሌላው አይቶ ይምታ። ይህን የተለማመደ ልጅ የዜማ ጽሕፈትን ግማሽ ይዟል ማለት ነው። ከዚህ በኋላ ቁጥሩን በሣጥኑ ውስጥ ማስገባት ነው። ሰረዝ ያለበት ሣጥን ከፊቱ ያለው ድምፅ ይራዘም ማለት ነው። ለመለማመጃ እኛ ራሳችን ያዘጋጀነውን አንድ አጭር መሥመር እነሆ፦

ራ – ያ ቆ – ቦ | ማሽ – – ላ – –
5 – 6 5 – 3 | 2 – – 1 – –

ይህ መሥመር ሁለት ጊዜ ስድስት ሣጥን ነው፤ ድምፆቹም ከትዝታ አልወጡም። ውድ አንባቢ፣ ይህን ሲያነቡ በጣትዎ ጠረጴዛውን እየመቱ ቀስ ብለው ቢያዜሙት፣ ሙዚቃ አንብቤ አላውቅም ቢሉ እንኳ አሁን አነበቡ ማለት ነው። 1ን ከየትኛው ድምፅ ልጀምር ብለው አይጨነቁ፤ ለጕሮሮዎ ከሚመችዎ ይጀምሩ። የመሣሪያ አለመኖርም እንቅፋት የማይሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ክራር ወይም ዋሽንት ያለው ሰው በመንደሩ ቢገኝ ግን ተጋብዞ ይምጣ፤ ልጆቹ የክራሩን አውታር አንድ ባንድ እየሰሙ የትኛው 1፣ የትኛው 5 እንደ ሆነ በጆሯቸው ይፈልጉ።

ትዝታው ሲጸና ወደ ሌሎቹ ቅኝቶች መሻገር ይቻላል። ሙሉው ባቲ 1 3 4 5 7 ነው። አምባሰል 1፣ ግማሽ እርከን ዝቅ ያለ 2፣ 4፣ 5፣ ግማሽ እርከን ዝቅ ያለ 6 ነው። አንቺሆዬ ደግሞ 1፣ ዝቅ ያለ 2፣ 4፣ ዝቅ ያለ 5ና 6 ነው። በድጓ መግቢያ ግዕዝ፣ ዕዝል ወይም አራራይ እንደሚባለው ሁሉ ልጁም በዘፈኑ ራስ ላይ የቅኝቱን ስም ይጻፍ። የማሲንቆው አንቺሆዬ ከፒያኖው ድምፅ ጋር ልክ እንደማይገጥምም ይነገረው። ጽሕፈቱ ሊያገለግለው የመጣ እንጂ ጆሮውን ሊያርመው የመጣ አይደለም።

ወደ አምስቱ መስመር

ልጁ በቁጥር ካነበበና ከጻፈ በኋላ አምስቱ መስመር አያስፈራውም። በመጀመሪያ አንድ መስመር ብቻ ይሰመር፤ በመስመሩ ላይ፣ ከመስመሩ በላይና ከመስመሩ በታች ሦስት ድምፅ ይጻፋል። ከዚያ ሁለተኛው መስመር ይጨመር፤ እንዲህ እየተባለ አምስት ይሞላል። እዚህ ላይ ልጆች የሚሳሳቱት መስመሩን እንደ ክራር አውታር ቈጥረው ክፍተቱን ሲረሱት ነው፤ በመስመር መካከል ያለው ክፍተትም ራሱን የቻለ ቦታ ነው። የሶል ቁልፍ የሚባለው ምልክት ከታች ሁለተኛውን መስመር ይጠመጠማል፤ ያ መስመር የ5 ቦታ ነው ይባላል። እንግዲህ 6 ከእርሱ በላይ ባለው ክፍተት፣ 3 በመጀመሪያው መስመር፣ 2 ከመጀመሪያው መስመር ሥር፣ 1 ደግሞ ከዚያ ዝቅ ብላ በተጨመረች አጭር መስመር ላይ ይውላሉ። ከላይ የጻፍነውን የራያ ቆቦ መሥመር ወደዚህ ጽሕፈት መገልበጥ የልጁ የመጀመሪያ የቤት ሥራ ሊሆን ይችላል።

ልጁ መማሩ የሚታወቀው ስሞቹን በመደርደር አይደለም። ፈተናው ይህ ነው፦ አንዲት ልጅ ከእናቷ ወይም ከአያቷ የሰማችውን ዘፈን ትጻፍ፤ ከሌላ መንደር የመጣና ዘፈኑን ሰምቶት የማያውቅ ልጅ ከወረቀቱ አንብቦ ያዚመው፤ ጸሐፊዋም እየሰማች ዝም ትበል። ዘፈኑ ያው ከሆነ ሁለቱም አልፈዋል። ካልሆነም የት ላይ እንደ ተሳሳቱ አብረው ይፈልጉ። ድምፅ የለኝም የሚል ልጅ ቢኖርም ከበሮውን ይዞ ምቱን ይጻፍ እንጂ ከክፍል አይውጣ።

የሚነሡ ተቃውሞዎች

የመጀመሪያው ተቃውሞ፣ ስልክ ሁሉን ይቀርፅ የለም ወይ? መጻፉ ምን ይጨምራል? የሚል ነው። ቅጂ ትልቅ ጥቅም አለው፤ ጽሕፈት የማይዘውን የድምፅ ጣዕም፣ መንቀጥቀጡን፣ የሕዝቡን እልልታ ይይዛል። እኛም መጻፉ በቅጂው ፈንታ ይሁን አንልም። ነገር ግን ቅጂ የሰውን ድምፅ ያቈያል እንጂ ሰሚውን ባለ ሙያ አያደርገውም። የምትጽፍ ልጅ የቆቦው ሶለል ከዞብሉ በየት በየት እንደሚለይ ሁለቱን ወረቀት ጐን ለጐን አድርጋ ታያለች። ለራሷ ግጥም አዲስ ዜማ ደርሳ ለጓደኛዋ ትልካለች። ነገም የከተማ አቀናባሪ ዘፈኑን ወስዶ ቢለውጠው፣ የቀድሞው እንዲህ ነበረ ብላ ማስረዳት ትችላለች። ዛሬ ግን የራያ ዘፈን ባለቤቱ ዘፋኝ፣ ጸሐፊው ሌላ ሰው ነው። አንድ ሕዝብ ሌላው የጻፈለትን ብቻ ሲያነብ መኖሩ በታሪክ ምን እንደሚያስከትል ለዩኒቨርሲቲ ተማሪ መንገር አያስፈልግም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከበድ ይላል። ዝናም በሚያጥርበት፣ ወላጅ ስለ ማሽላው በሚጨነቅበት፣ ትምህርት ቤቱም ከጦርነት ጉዳት ገና በማገገም ላይ ባለበት አገር ስለ ሙዚቃ ጽሕፈት ማውራት ቅንጦት አይደለምን? ይህን የሚሉትን አንነቅፍም፤ ከመካከላችንም እንዲህ የሚሉ ነበሩ። መልሳችን ይህ ነው። እኛ የምንጠይቀው ከእንጀራው የሚቀነስ ገንዘብ አይደለም፤ በሳምንት ሁለት ጊዜ ግማሽ ሰዓትና ጥቂት ጠመኔ ነው። በሥርዓተ ትምህርቱም የክወናና የዕይታ ጥበባት ትምህርት ተሰጥቶታል፤ ብዙ ጊዜ የሚጐድለው በዚያ ሰዓት ምን እንደሚሠራበት የሚያውቅ ሰው ነው። ደግሞም ብዙ ነገር ላጣ ልጅ፣ ያልጠፋበትን ነገር በእጁ ጽፎ መያዝ ቀላል ነገር አይደለም። አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤልም ምልክቱን የሠሩት አገሩ ከጠገበ በኋላ አልነበረም።

ሦስተኛው ደግሞ መጻፍ ዘፈኑን ያደርቀዋል የሚል ነው። በእርግጥ አስተማሪው ወረቀቱን የዘፈኑ ጌታ ካደረገው ያደርቀዋል። አያቲቱ ዛሬ እንዲህ፣ ነገ እንዲያ አድርገው ቢያዜሙት ስሕተት አይደለም፤ ሁለቱም ይጻፉ። ለዘፈኑ ፈራጁ ዘፋኙ ነው፤ ወረቀቱ ምስክር ብቻ ነው።

ምን እናድርግ?

እንግዲህ ጓደኞቻችን፣ ነገሩ በእኛ እጅ ነው። በሚመጣው ክረምት ወደ ራያ የምንሄድ ሁሉ እያንዳንዳችን አምስት ልጆች ሰብስበን ከላይ የተጻፈውን ቅደም ተከተል እንሞክር። አምስት ልጅ ብዙ አይደለም፤ በአንድ ቤት ደጅ ይበቃል። ከወላጆቻቸው እናስፈቅድ፤ ሴቶቹ ልጆች እንዳይቀሩ እንጠንቀቅ፤ የመንደሩን አስተማሪ አብሮን እንዲሆን እንለምን፤ መስከረም እኛ ስንመለስ ትምህርቱን የሚቀጥለው እርሱ ነውና። ልጆቹ የጻፉትን በራሳቸው የእጅ ጽሕፈት እንዳለ አባዝተን አንዱን ቅጂ በትምህርት ቤታቸው እናስቀምጥ፤ አንዱን ብቻ ወደዚህ እናምጣ። ማንኛውንም ዘፈን የሰጡንን ሰዎች ፈቃድ ሳንጠይቅ አናትም።

እስከ አሁን ከራያ ቅጂ ይዘን ስንመለስ ለልጆቹ ትተንላቸው የመጣነው ነገር አልነበረም። ከዚህ በኋላ ቢያንስ ጠመኔውን ትተንላቸው እንምጣ።